«ክፍት» የተባለው ዑደት፦ በአንድ የመኪና ብልሽት መለያ ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሒስ

1. መነሻ

በሙያ ቃላት ላይ የሚቀርቡ ሒሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በታተሙ መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት ላይ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ግን ሽፋን፣ የአዘጋጅ ስምና የኅትመት ዘመን የሌለው፣ በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ባለ ስድስት ገጽ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የመኪና ኮምፒውተር የሚያወጣቸውን የብልሽት ኮዶች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሶ ያቀርባል። ያገኘነውም ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው።

ዝርዝሩን እንድናይ ያበቃን አጋጣሚ የሚከተለው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የተሳፈርንበት ባለ ናፍጣ ሚኒባስ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ሚስ ማድረግ ጀመረ፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱም በራ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዐቀበት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ የሚወጣ በመሆኑ፣ ጉልበቱን ያጣው መኪና በእግረኛ ፍጥነት እያዘገመ ማምሻውን ከተማው ደረሰ። በማግሥቱ መመርመሪያው መሣሪያ ሲሰካ «ፒ0200» የሚል ኮድ ተነበበ። ወጣቱ መካኒክ ወደ ግድግዳው ዞሮ ከቁጥሩ ትይዩ ያለውን አማርኛ አነበበ፤ «ኢንጀክተር ክፍት» ይላል። ሦስተኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ አስቀድሞ ታውቆ ስለ ነበር የሦስተኛው ሲሊንደር ኢንጀክተር ክፍት ሆኖ ቀርቷል፣ ማለትም አልዘጋ ብሏል ተብሎ ተፈረደበት። አሽከርካሪው ተበድሮ አዲስ ኢንጀክተር ገዛ፤ ተገጠመ፤ ሞተሩ ግን እንደ ቀድሞው ሚስ ማድረጉን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን አንድ በዕድሜ የገፉ የአውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ተጠርተው መጡ። ሞተሩን አስጠፍተው፣ ሶኬቱን ነቅለው፣ በመጀመሪያ የኢንጀክተሩን የራሱን ተቃውሞ ለኩ፤ ከአንድ ኦም ብዙም ያልራቀ ደኅና ልኬት አገኙ። ቀጥለው ገመዱን ከሌላኛው ጫፍ፣ ከትእዛዝ ሰጪው ሳጥን ሶኬት ላይ ሲለኩት ምንም አላስተላልፍ አለ። አሽከርካሪው «ጋሼ፣ አዲስ ነው እኮ የገጠምነው» ቢላቸው «አዲሱም አሮጌውም ደኅና ናቸው፣ ልጄ፤ ትእዛዙ ነው የማይደርሳቸው» አሉት። ገመዱ ከሞተሩ ጋር በሚታሸበት መታጠፊያ ላይ ልባሱ ሳይቀደድ ውስጡ ተበጥሶ ተገኘ። ጥገናው የግማሽ ሰዓት ሥራ ሆነ። የኤሌክትሪክ ነክ ዕቃ አንዴ ከተገጠመ በኋላ መልሶ የሚቀበል ነጋዴ ስለማይገኝ ኢንጀክተሩ ከነዕዳው በአሽከርካሪው እጅ ቀረ።

የዚህ ሒስ ዓላማ ወጣቱን መካኒክ መውቀስ አይደለም። ወጣቱ ያነበበውን አማርኛ በትክክል ተረድቷል። ስሕተቱ ያለው በአማርኛው ውስጥ ነው።

2. የተርጓሚው በጎ ሥራ

ወደ ሒሱ ከመግባታችን በፊት ለተርጓሚው የሚገባውን መስጠት ይኖርብናል። ማንነቱ ያልታወቀው ይህ ሰው ትልልቅ ተቋማት ያልሠሩትን ሠርቷል፤ መካኒክ በየቀኑ የሚያስፈልገውን ነገር በአማርኛ፣ መካኒክ በሚቆምበት ቦታ አቅርቧል። አንዳንዱ ምርጫውም የሚያስመሰግነው ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ሲሊንደር ውስጥ ቃጠሎው መሳቱን ለሚገልጸው «ፒ0303» የሰጠው ፍቺ «3ኛ ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል» የሚል ነው። «የተሳሳተ ተኩስ» ቢል ኖሮ እንግሊዝኛውን በተከተለ፤ አንባቢውን ግን ባደናገረ ነበር። «ሚስ ያደርጋል» ባለሙያው በአፉ የሚናገረው፣ ድምፁንም ሰምቶ የሚያውቀው አነጋገር ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ተርጓሚ የጋራዡን ቋንቋ ትቶ በቀጥታ ትርጉም በተጓዘበት ቦታ ሁሉ ይስታል። ስሕተቶቹም ሥርዓት ያላቸው በመሆናቸው በዝርዝር ሊጠኑ ይገባቸዋል።

3. ዕቃውና ግንኙነቱ

አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ መረዳት ያሻል። በቀድሞዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ኢንጀክተሩን የሚከፍተው ከፖምፓው ተገፍቶ የሚመጣው የራሱ የነዳጁ ግፊት ነበር። ገመድም ኮምፒውተርም አልነበረውም። ስለዚህ «ኢንጀክተር ተበላሸ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ጥፋቱ ከዕቃው ላይ መሆኑን በበቂ ይገልጽ ነበር። በቤንዚን ሞተር በኩል የቦሽ ኩባንያ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ ርጭት በ1967 እ.ኤ.አ. በቮልስዋገን 1600 ላይ ለገበያ አቀረበ፤ በናፍጣ በኩል ደግሞ ነዳጁ በጋራ ቧንቧ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ እያንዳንዱ ኢንጀክተር በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚከፈትበት አሠራር ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቤት መኪናዎች ላይ ተስፋፋ። ከዚያ ወዲህ ኢንጀክተር ብቻውን የሚቆም ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ግንኙነት ጫፍ ሆኗል። ኮምፒውተሩ ያዛል፤ ትእዛዝ ሰጪው ሳጥን ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ይልካል፤ ገመዱ ያደርሳል፤ ኢንጀክተሩ በሺህኛ ሴኮንድ ለሚቆጠር ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል ነዳጁ አይረጭም።

«ፒ0200» የሚለው ኮድ የሚናገረውም ስለዚሁ ግንኙነት ነው። የእንግሊዝኛው ሐረግ «የኢንጀክተር ዑደት መቋረጥ» ማለት ነው እንጂ «የኢንጀክተር ብልሽት» ማለት አይደለም። የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ እንኳ አይለይም፤ ይህን ለመለየት ከ«ፒ0201» ጀምሮ ያሉት ሌሎች ኮዶች አሉ። ተርጓሚው «ዑደት» የሚለውን ቃል ሲጥለው የጣለው አንድ ቃል ብቻ መስሎት ይሆናል። ነገር ግን ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ገመዱን፣ ሶኬቱንና ትእዛዝ ሰጪውን አብሮ ጥሏቸዋል። የቀረው ኢንጀክተሩ ብቻ ስለ ሆነ አሽከርካሪው የገዛው እሱኑ ነው።

4. «ክፍት» እና «ዝግ»

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይከፋል፤ ምክንያቱም ቃሉ ያልተጣለ፣ እንዲያውም በታማኝነት የተተረጎመ ነውና። በኤሌክትሪክ ሙያ «ክፍት» የሚባለው ዑደት የተቋረጠ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነው፤ «ዝግ» የሚባለው ደግሞ የተሟላና የሚሠራ ነው። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል። ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይወርዳል፣ ሲዘጋ ይቆማል። መንገድ ክፍት ሲሆን ይታለፋል፣ ሲዘጋ ይቀራል። በኤሌክትሪክ በሚሠሩት ዕቃዎች ላይ እንኳ ተናጋሪው ልማዱን አልለወጠም፤ «ሬዲዮውን ክፈተው» ሲል እንዲሠራ፣ «ዝጋው» ሲል እንዲቆም ማዘዙ ነው። ስለሆነም «ክፍት ዑደት» የሚለውን ሐረግ የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ የሚረዳው የሚሠራ፣ የሚያስተላልፍ ዑደትን ነው። «ኢንጀክተር ክፍት» የሚለውን ሲያነብማ ዐይኑ የሚያየው አልዘጋ ያለ ቧንቧ ነው። ወጣቱ መካኒክ የፈረደውም በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ «ሙያው የራሱ ቋንቋ አለው፤ ተማሪው ይልመደው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪውም ቢሆን ይህን ቃል በትምህርት ነው የሚለምደው። ነገር ግን እንግሊዝኛው የታሰረበት ታሪካዊ ልማድ አለበት። እኛ አዲስ ስያሜ ስናወጣ በዚያ ልማድ የምንገደድበት ምክንያት የለም። «የተቋረጠ» እና «የተሟላ» የሚሉ፣ ለሁሉም ግልጥ የሆኑ ቃላት እያሉን ተቃራኒ ስሜት የሚሰጠውን መርጦ ተማሪውን «በዚህ ቤት ክፍት ማለት ዝግ ነው» ብሎ ማስተማር ተገቢ አይመስለንም። በተለይም ችግሩ የሚጎላው በዚሁ ሞተር ላይ ነው፤ ኢንጀክተሩ ራሱ በትክክለኛው ትርጉም የሚከፈትና የሚዘጋ ዕቃ በመሆኑ፣ «የኢንጀክተሩ ዑደት ክፍት ሲሆን ኢንጀክተሩ ዝግ ነው» የሚል እንቆቅልሽ ይፈጠራል። በጎንጅና በዋሸራ የቅኔ ቤቶች ባንድ ቃል ሁለት ነገር መናገር የሊቅነት መለያ ነው። በጋራዥ ግን ለባለ መኪናው ዕዳ ያመጣል።

5. «ዑደት» ራሱ

ለኤሌክትሪክ ዑደት አንዳንዶች «ሰርኪዩት»ን እንዳለ መያዝን ይመርጣሉ፤ ሌሎች «ዑደት» ይላሉ። እኛ የኋለኛውን እንደግፋለን። ምክንያታችንም ግእዝነቱ አይደለም። ዑደት፣ ዖደ ከሚለው፣ ዞረ ማለት ከሆነው ግስ የወጣ ሲሆን በጎጃም ገጠር የሚኖር ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጭምር ያውቀዋል። ታቦት በንግሥ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ዑደት ይባላል። መነሻውና መድረሻው አንድ ስለሆነ መሐል ላይ ቢቋረጥ ጎደለ እንጂ ተፈጸመ አይባልም። የኤሌክትሪክ ዑደትም ጠባዩ ይኸው ነው፤ ከባትሪ ተነሥቶ በኢንጀክተሩ አልፎ ወደ ባትሪው ካልተመለሰ ሥራ አይሠራም። ሽማግሌው ባለሙያ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የለኩት ይህንኑ ዙረት ለመከተል ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የምንመረምረው ዝርዝር «ዑደት»ን ፈጽሞ የጣለው አይደለም፤ የሞተሩን አራት ምቶች መፈራረቅ «የሞተር ዑደት» ብሎ ተጠቅሞበታል። ባንድ ገጽ ላይ ለሁለት ጽንሰ ሐሳብ አንድ ስያሜ መስጠት ሌላ ግራ መጋባት ነው። ለዚህኛው «ዙር» ቢባል፣ «ዑደት» ለኤሌክትሪኩ ብቻ ሊቀመጥ ይችላል።

6. «ዝቅተኛ» ምኑ?

ሦስተኛው ስሕተት የቅጽል ነው። የኮዶቹ ሐረጎች ብዙ ጊዜ «ዝቅተኛ» ወይም «ከፍተኛ» በሚል ቃል ያበቃሉ። በነዚህ ሐረጎች ውስጥ ዝቅ ወይም ከፍ ያለው ኮምፒውተሩ በገመዱ ላይ ያነበበው ቮልቴጅ ነው። ተርጓሚው ግን ቅጽሉን በአቅራቢያው ካገኘው ስም ጋር ያጋባዋል። «ፒ0107» የተባለው ኮድ የአየር ግፊትን ከሚለካው ሴንሰር ዑደት የሚመጣው ምልክት ዝቅተኛ መሆኑን ይናገራል። በዝርዝሩ ላይ «ዝቅተኛ የአየር ግፊት» ሆኖ ሰፍሯል።

ይህ ስሕተት ቆላ ላይ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም «ዝቅተኛ የአየር ግፊት» የሚል ያነበበ መካኒክ «ደጋ ነዋ፤ ምን ይደረግ!» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም፤ ያነበበው ዐረፍተ ነገር እውነት ነውና። ኮምፒውተሩ ግን የደጋውን አየር ያውቀዋል፤ ነዳጁንም በዚያው መጠን እንዲያስተካክል ተደርጎ ተሠርቷል። የሚጮኸው ሴንሰሩ ወይም ገመዱ ሊሆን የማይችል ቁጥር ስለ ላከለት ነው። «ምልክት» የሚለው አንድ ስም ቢጨመር፣ «የግፊት ሴንሰር ምልክት ዝቅ ብሏል» ቢባል፣ አንባቢው ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ሶኬቱ በተመለከተ ነበር።

7. «ቁጥጥር»፣ «ሹፌር»፣ «የኃይል ባቡር»

ሌሎቹን ስሕተቶች ባጭሩ እናነሣቸዋለን። ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሩን የሚያዝበት ዑደት በዝርዝሩ ውስጥ «የኢንጀክተር ቁጥጥር» ተብሏል። በአማርኛ ግን «ቁጥጥር» ሥራ በደንብ መሠራቱን ከውጭ ሆኖ መመልከት ነው፤ ተቆጣጣሪ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ይቀጣል እንጂ ሥራውን ራሱ አያስጀምርም። «የኢንጀክተር ቁጥጥር ጉድለት» የሚለውን ያነበበ ሰው መካኒኩ በቂ ምርመራ አላደረገም ማለት ሊመስለው ይችላል። የሽማግሌው ባለሙያ «ትእዛዝ» ግን ነገሩን በትክክል ይገልጻል።

ትእዛዝ ሰጪው ሳጥን በዝርዝሩ «የኢንጀክተር ሹፌር» ሆኗል። የእንግሊዝኛው ቃል ሰውንም መሣሪያንም ስለሚጠራ ነው። ስለ መኪና በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ሹፌር የሚለው ቃል ሌላ ባለቤት እንዳለው ተርጓሚው መዘንጋቱ ያስገርማል። ሣቁን ትተን እናስተውል፤ ይህ ሳጥን በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ከመቶ ቮልት የማይርቅ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ኃይል ይልካል። በመኪና ኤሌክትሪክ ሁሉ 12 ቮልት ብቻ አለ ብሎ ለሚያምን ልጅ ሳጥኑ ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ስያሜ ያስፈልገዋል።

በኮዶቹ መጀመሪያ ላይ ያለው «ፒ» ሞተሩንና ኃይል የሚያስተላልፉትን ክፍሎች የሚወክል ፊደል ነው። ዝርዝሩ «የኃይል ባቡር» ይለዋል። ባቡር በማያልፍበት አገር ይህ ባቡር ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ መካኒክ ያለ አይመስለንም፤ ሁሉም አልፎት ይሄዳል። ያልተገባው ስያሜ ግን ዋጋው ይኸው ነው። አንባቢ የማይገባውን መዝለል ይለምድና ሊዘልለው የማይገባውንም ይዘልላል።

8. የውሰት ቃላትን በተመለከተ

ከዚህ ሁሉ «እንግዲያው ኢንጀክተርስ ለምን በአማርኛ አይሰየምም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። የመኪና አማርኛ ሁለት የውሰት ድርብ አለው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ኢንጀክተር፣ ሴንሰር፣ ኮምፒውተር ደግሞ ከእንግሊዝኛ ናቸው። ማርሚታ በመባሉ ምክንያት በስሕተት የተፈታ ማርሚታ አላየንም። ዕቃው በእጅ ይያዛል፤ ስሙ ከየትም ቢመጣ ዕቃው ራሱ ያርመዋል። «ነዳጅ መርጫ» የሚለው ስያሜ ከረጨ በትክክል የተገኘ ቢሆንም፣ የጎጃም ገበሬ መርጫ የሚለው በጀርባው አዝሎ የአረም መድኃኒት የሚረጭበትን ነው። «ርጭት» ለድርጊቱ ይጠቅማል፤ ለዕቃው ግን ኢንጀክተር ይበቃል።

ግንኙነትንና ሁኔታን የሚገልጹት ቃላት፣ ተቋረጠ፣ ተነካካ፣ ዝቅ አለ፣ አዘዘ፣ አልደረሰም የሚሉት፣ በእጅ አይያዙም። ሲሳሳቱ የሚያርማቸው ዕቃ የለም። መካኒክ የሚያስበውም በነርሱ ነው። የስያሜ ሥራችን ግን እስካሁን በአብዛኛው የተጠመደው በስሞች ነው። እኛም ራሳችን ለዕቃ ስም አቻ ፍለጋ ብዙ ቀን የተከራከርንበት፣ «ክፍት»ን ግን ሁሉ የሚያውቀው ነው ብለን በዝምታ ያለፍንበት ጊዜ አለ። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ መሠረት ጥሏል። የሚቀጥለው ሥራ ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ፣ ከተቃራኒው ጋር አሰልፎ መፈተን መሆን ይገባዋል።

9. የቀረበ ሐሳብ

ለውይይት ያህል የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ዑደት፦ ኤሌክትሪክ ከምንጩ ተነሥቶ ወደ ምንጩ የሚመለስበት መንገድ። ለሞተር ምቶች «ዙር» ይባል።

የተቋረጠ ዑደት፦ ተቃራኒው «የተሟላ ዑደት»። «ክፍት» እና «ዝግ» ለቫልቭ፣ ለቧንቧና ለኢንጀክተር ብቻ ይቀመጡ።

የተነካካ ዑደት፦ ገመዱ ከማይገባው ገመድ ወይም ከመኪናው አካል ጋር ተገናኝቶ ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ሲያልፍ።

ምልክት፦ ኮምፒውተሩ በገመድ የሚያነበው ቮልቴጅ። «ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» ያለዚህ ስም አይጻፉ።

ትእዛዝ፣ ትእዛዝ ሰጪ፦ ለ«ቁጥጥር» እና ለ«ሹፌር» ምትክ።

ብልሽት ልየታ፦ ምርመራ ማየትና መለካት ነው፤ ልየታ ከምርመራው በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ኮድ ማንበብ የምርመራ መጀመሪያ እንጂ ልየታ አይደለም።

በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተገልጿል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። በአገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ከቀድሞው ረዘም ላለ ጊዜ እየተጠገኑ ይሠራሉ፤ የብልሽት ልየታ ጽሑፍም ይበልጥ ይፈለጋል። በሌላ በኩል፣ እነዚሁ ቃላት በብዙ መቶ ቮልት ወደሚሠሩት መኪናዎች ይሸጋገራሉ። በናፍጣው ሚኒባስ ላይ «ክፍት»ን በተሳሳተ መንገድ የተረዳ ሰው የከፈለው የአንድ ኢንጀክተር ዋጋ ነው። በኤሌክትሪኩ መኪና ላይ ዑደቱ ተቋርጧል ወይስ አልተቋረጠም የሚለው ጥያቄ የሚሠራውን ሰው ሕይወት የሚመለከት ይሆናል።

ወደ ደብረ ማርቆሱ ግድግዳ ብንመለስ፣ በ«ኢንጀክተር ክፍት» ፋንታ ቢጻፍ የምንወደው ይህ ነው፤ «ፒ0200፦ የኢንጀክተር ትእዛዝ ዑደት ተቋርጧል፤ የት እንደ ተቋረጠ ግን አልታወቀም። ገመዱን፣ ሶኬቱን፣ ኢንጀክተሩንና ትእዛዝ ሰጪውን ሞተሩ ጠፍቶ ለየብቻ ለካ።» ከሁለት ቃል ወደ ሁለት ዐረፍተ ነገር ማደጉ ዝርዝሩን ከስድስት ገጽ ወደ ዐሥራ አምስት ወይም ሃያ ያደርሰው ይሆናል። የፎቶ ኮፒው ወጪ ከኢንጀክተሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።